የእንጨት መላጊያ ማሽን አተካከልና ከአደጋ የራቀ አሠራር

በብቸናና በሞጣ ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ የማሽን ሰው ነኝ። ስለዚህ ንግግሬን የምጀምረው በእጄ ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁም ታዩ ዘንድ ግራ እጄን ከፍ ላድርግ። የመሐል ጣቴና የቀለበት ጣቴ ጫፍ የለም። ይህ የደረሰብኝ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማትበልጥ የዋንዛ ቁራጭ ለመላግ ፈለግሁ። የማሽኑ መከለያ «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ተፈትቶ ጥግ ተጥሎ ነበር። ቁራጯ ምላጩ ላይ እንደ ደረሰች ወደ ኋላ ተወረወረች፤ እጄ ግን ወደ ፊት መግፋቱን አላቆመም። ሕመሙ የተሰማኝ ዘግይቶ ነው፤ በመጀመሪያ የሰማሁት የማሽኑ ድምፅ መለወጡን ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ልባችሁ እንዲሸሽ አይደለም። ጣቶቼን ካጣሁም በኋላ እንጀራዬን ያገኘሁት ከዚሁ ማሽን ነው። ነገር ግን በየአጥቢያው የሚነሣው ክርክር «ይገዛ፣ አይገዛ» በሚል ብቻ ተወስኖ ስለማገኘው፣ ከግዢው በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ መናገር ግዴታዬ ሆነ። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ሲደራጅ አጥቢያው በራሱ እግር እንዲቆም ታስቦ ነው። ኮሚሽናችንም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1964 ዓ.ም. ሲቋቋም ቤተ ክርስቲያን በልማት ሥራ እጇን እንድትዘረጋ ነበር። በርና መስኮቱን፣ አግዳሚ ወንበሩንና አትሮንሱን በራስ እጅ ሠርቶ፣ የተረፈውን ለገበያ አቅርቦ የአገልጋዮችን ደመወዝ መደጎም መልካም አሳብ ነው። መልካም አሳብ ግን ጣት አይመልስም።

የሞጣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲተከል፣ የዚያ ዘመን ጠራቢ መሣሪያው መጥረቢያና መሮ ነበር። መጥረቢያ ሲስት አንድ ጊዜ ይስታል፤ ሰውየውም የክንዱን ኃይል ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። የመላጊያ ማሽን ኃይል ግን ከክንድ አይመጣምና ዓይን አይለካውም። እስቲ እናስላው። ስፋቱ 125 ሚሊ ሜትር የሆነ ከበሮ ሦስት ምላጭ ተሸክሞ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር፣ በደቂቃ 15,000 ጊዜ፣ በሰከንድ 250 ጊዜ ይቆርጣል። የምላጩ ጫፍ በሰዓት ወደ 118 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በደጀን መንገድ ላይ እንዲህ የሚነዳ ሾፌር ቢገኝ ሁላችንም እንገሥጸዋለን። ከዚህም የሚከፋው፣ ከበሮው በሙሉ ፍጥነት ሲዞር የቆመ ለስላሳ ብረት መምሰሉ ነው። ምላጮቹ ለዓይን አይታዩም።

«መላጊያ» የምንለው በእውነቱ ሁለት ማሽን ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ አካል ተጣምረው ይመጣሉ። በላይኛው ጠረጴዛ ላይ ሠራተኛው ጣውላውን በእጁ እየገፋ አንዱን ፊትና አንዱን ጎን ቀጥ ያደርጋል። ከሥር ባለው ክፍል ደግሞ ማሽኑ ራሱ በመዘውሮቹ እየሳበ ውፍረቱን እኩል ያወጣል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። የጠመመ ጣውላ በቀጥታ ወደ ውፍረት ማስተካከያው ቢገባ፣ መዘውሮቹ ተጭነው ቀጥ ያስመስሉትና ሲወጣ ተመልሶ ይጠማል። «ማሽኑ አይሠራም» ተብሎ ከሚቀርብልኝ ስሞታ የሚበዛው ከዚህ ስሕተት የመጣ ነው። ከአደጋ አንጻር የላይኛው ክፍል ይከፋል፤ እጅና ምላጭ የሚቀራረቡት በዚያ ነውና።

አሁን ወደ ተከላው ልግባ። አንድ ሰበካ ጉባኤ ማሽን ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመድበው ቤት አሮጌ ዕቃ ቤት ነው፤ ወርዱም ርዝመቱም አምስት ሜትር አይሞላም። አራት ሜትር ጣውላ የሚላገው አራት ሜትር ከማሽኑ በፊት፣ አራት ሜትር ከማሽኑ በኋላ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ማሽኑ ግድግዳ ተደግፎ ከተተከለ ጣውላው ገና ሳያልቅ ግድግዳ ይገፋል፤ ሠራተኛውም ሰውነቱን አጣሞ በከበሮው ላይ ይንጠለጠላል። ቤቱን ማስረዘም ካልተቻለ፣ በማሽኑ ትይዩ በሁለቱም ግድግዳ ላይ መስኮት ከፍቶ ጣውላውን ወደ ውጭ ማሳለፍ ይቻላል። ይህን ያደረጉ አሉ፤ ይሠራል። ዝናብ እንዳይገባ ብቻ መዝጊያ ይኑረው።

ቦታው ከመቅደሱ ራቅ ይበል። ከቅዳሴ ጋር በድምፅ መወዳደር የማይገባ መሆኑን ለእናንተ አልነግርም። ልብ የማይባለው ግን ቤተ ልሔሙ ነው። የኅብስቱ እሳት በሚነድበት አጠገብ ሰጋቱራ መከመር ቃጠሎን መጋበዝ ነው። ደቃቁ የእንጨት ብናኝ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል። ጧፍም ሆነ ጥና ወደ ማሽኑ ቤት አይግባ። ማሽን ሲተከል ካህን ባርኮ ጠበል መርጨቱ የአባቶች ሥርዓት ነውና ደስ ይለኛል፤ ከማብሪያ ሳጥኑ ግን ፈቀቅ ይበልልኝ፤ ኃይሉ ከመገናኘቱ በፊትም ይሁን።

መሠረቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ሆኖ፣ የማሰሪያ ብሎኖቹ አብረው ይቀበሩ። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ማሽን ጭኖ ማስነሣት ብሎኖቹን ያላላቸዋል። ማሽኑ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ ስለሆነ በፋብሪካ የተስተካከለው ሁሉ እንዳለ ደርሷል ብላችሁ አትመኑ። ጠረጴዛዎቹን በርዝመትና በአግድም በውኃ ልክ ለኩ፤ ከሥር በቀጭን ላሜራ እየደገፋችሁ አስተካክሉ፤ ብሎኖቹን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ሲጠብቅ ይዛባልና። በደንብ የተተከለ ማሽን ሲሠራ በጠረጴዛው ላይ የቆመ ሳንቲም አይወድቅም።

ስለ ኤሌክትሪኩ በሰፊው መናገር ይገባኛል፤ የእናንተ አገር ነገር የሚለየው በዚህ ነውና። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሞተር በፋብሪካ ሲሠራ ጉልበቱ የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በማራገቢያው በኩል ሙቀቱን በሚገባ አያስወጣም። ስለዚህ እዚህ የሚመጣ ሞተር በሥራው ልክ ብቻ ሳይሆን ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመረጥ፤ የማራገቢያው መተንፈሻም በሰጋቱራ እንዳይደፈን በየቀኑ ይጠረግ። በናፍጣ ጄኔሬተር ለመሥራት የምታስቡም ይኸው ነገር ይመለከታችኋል፤ ጄኔሬተሩም በከፍታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሞተር ሲነሣ ደግሞ በመደበኛ ሥራው ከሚስበው ኃይል ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። መስመሩ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ኃይሉ ይወርዳል፤ ሞተሩም ሳይነሣ እያጓራ ይቃጠላል። ከመግዛታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያ መጥቶ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት በእርግጥ መኖሩን በመሣሪያ ለክቶ ያረጋግጥላችሁ። ግራውንድ የሌለው ማሽን፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላም፣ አይነሣ።

የሚቀጥለውን ልብ በሉልኝ። መብራት ይጠፋል፤ ይህን ማንም አያስተምራችሁም። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማሽኑን ማጥፋት ይረሳል፤ ቆሟልና። በዚያ መካከል የተጣበቀ ስንጥር ለማውጣት፣ ምላጩን በጣቱ ለመዳሰስ፣ ወይም ጠረጴዛውን በጨርቅ ለመወልወል እጁን ይሰዳል። መብራት ይመጣል። ስለዚህ ማብሪያው ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋ፣ ኃይል ሲመለስ ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ የማይነሣ ዓይነት መሆን አለበት። ባለሙያዎች በኮንታክተር ይሠሩታል፤ ዋጋውም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ እንደ ቤት አምፖል ወደ ላይና ወደ ታች የሚባል ማብሪያ ተገጥሞ አያለሁ። እንዲህ ያለውን ማሽን በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ ማብሪያውን ሳትቀይሩ አንድ ቀን አትሥሩበት። ቀዩ ማጥፊያም ትልቅ ሆኖ፣ ሁለት እጁ ጣውላ የያዘ ሠራተኛ በጉልበቱ ወይም በጭኑ ሊመታው በሚችልበት ቦታ ይሁን።

የሦስቱ ፌዝ ገመድ ቅደም ተከተል ከተዛባ ከበሮው ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ትክክለኛው አዟዟር ምላጩ ከላይ ሲታይ ወደ ሠራተኛው የሚመጣበት ነው፤ እንጨቱ የሚሄደው ከምላጩ ፊት ለፊት ተቃርኖ ነውና። ተገልብጦ ቢዞር እንጨቱን ነጥቆ ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል፤ እጅንም አብሮ ይስባል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ፣ እንዲሁም ኤሌክትሪኩ በተነካካ ቁጥር፣ ያለ እንጨት ለአንድ አፍታ ብቻ ተነሥቶ አዟዟሩ ይታይ። ተገልብጦ ከሆነ ከሦስቱ ሁለቱን ገመድ ማለዋወጥ ብቻ ይበቃል፤ ይህም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ከሆነ ከበሮውን ከጎኑ እዩት። ቅርጹ ክብ ይሁን። ድሮ የሚሠሩት አራት ማዕዘን ነበሩ፤ በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ጥልቅ ስለሆነ ጣት ብቻ ሳይሆን እጅን ጭምር ይውጥ ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የእንጨት ሥራ ማሽኖች ደንብ በእጅ የሚገፋ መላጊያ ክብ ከበሮ እንዲኖረው ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተከለከለን ነገር እኛ በርካሽ ስለተገኘ ብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አናስገባ።

ወደ ምላጩ እንምጣ። ምላጭ ሲፈታና ሲታሰር በማብሪያው ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ ሳጥኑ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ምላጩን በሚያስረው ሰው ኪስ ይግባ። ሌላ ሰው ዘንድ አይቀመጥ። በአንድ ከበሮ ላይ የሚታሰሩት ምላጮች በስፋትም በክብደትም እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ተስሎ ተስሎ የጠበበ፣ ሌላው አዲስ ከሆነ ከበሮው ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታውም ይበላል። የምላጩ ጫፍ ከከበሮው ወጥቶ የሚታየው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሁን። «ብዙ እንዲቆርጥ» ብሎ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ማውጣት ለእንጨት መወርወር ዋናው መንሥኤ ነው።

ምላጩን ከመውጫው ጠረጴዛ ጋር ማስተካከል ብዙ ሰው የሚፈራው ሥራ ነው፤ ለዚህ ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ፣ የተላገ፣ ክንድ የሚያህል እንጨት ፈልጉ። በመውጫው ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ጫፉን ከከበሮው በላይ አሳልፉት፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ባለበትም በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከበሮውን በእጃችሁ፣ ስለቱን ሳትነኩ፣ በቺንጋው በኩል በዝግታ አዙሩ። ምላጩ እንጨቱን ነክቶ ጥቂት ይሸከመውና ይለቀዋል። ምልክቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከራቀ ምላጩ በልኩ ነው። ካልነካው ዝቅ ብሏል፤ አርቆ ከወሰደው ከፍ ብሏል። ይህን በምላጩ ግራ ጫፍ፣ በመካከሉና በቀኝ ጫፉ፣ በሦስቱም ምላጮች ላይ ድገሙት፤ ዘጠኝ ልኬት ማለት ነው። ዘጠኙም እኩል እስኪመጡ ድረስ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ቅኔ የምትቆጥሩ አባቶች ቤት መምታትና ቤት መሳትን ስለምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም።

ምላጩን የሚያጣብቀው ሽብልቅ ብሎኖች ከመካከል ወደ ዳር፣ በመጀመሪያ በለስላሳው፣ በሁለተኛው ዙር ጠበቅ፣ በሦስተኛው ዙር በሙሉ ኃይል ይታሰሩ። አንዱን ጫፍ አስቀድሞ ማጥበቅ ምላጩን ያንሻፍፈዋል። ሲያበቃ መፍቻው ከጠረጴዛው መነሣቱን፣ ከበሮው በእጅ ሲዞር ምንም አለመንካቱን አይታችሁ ብቻ ኃይል አገናኙ። መጀመሪያ ሲነሣ ማንም በከበሮው ትይዩ አይቁም፤ ከጎን ይሁን። አንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን ዞሮ ከጠፋ በኋላ ብሎኖቹ ዳግመኛ ይፈተሹ።

የደነዘ ምላጭ አደጋ የለውም የሚል አነጋገር በየሥራ ቤቱ እሰማለሁ። ተቃራኒው ነው እውነቱ። የደነዘ ብረት ብዙ ኃይል እንደሚፈልግ መጽሐፈ መክብብ በ10ኛው ምዕራፍ ተናግሯል፤ ጸሐፊው እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይቶ መሆን አለበት። ምላጭ ሲደነዝ ሠራተኛው ይገፋል፤ ሲገፋ ሚዛኑን ወደ ፊት ይጥላል፤ እንጨቱ ድንገት ሲለቅ እጁ የሚያርፈው የት እንደ ሆነ አሳይቻችኋለሁ።

መከለያ የሚባለው በከበሮው ላይ እንደ ድልድይ የሚጋደም ብረት ወይም እንጨት ነው። ጣውላው በሥሩ ወይም በጎኑ ያልፋል፤ የማይሠራው የከበሮ ክፍል ሁሉ ግን ተሸፍኖ ይቆያል። በመከለያውና በጣውላው መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከላይ ሰው ወድቆ የደሙ ዕዳ በቤቱ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ልብ አድርጉ፤ ትእዛዙ የተሰጠው ለሚወድቀው ሳይሆን ለባለ ቤቱ ነው። የዚህ ማሽን ባለ ቤት ሰበካ ጉባኤው ነው። መከለያ ፈትቶ የሚሠራ አናጢ ቢገኝ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ቢያንስ በዚያ ቀን ከማሽኑ ይነሣ።

ስለ አሠራሩ አጠር ላድርግ፤ ነገ በተግባር ስለምናየው። በአንድ ጊዜ የሚላገው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ እንጨት በላይኛው ጠረጴዛ ላይ በእጅ አይገፋም፤ አጭር ቁራጭ የሚያስፈልግ ከሆነ ረጅሙ ተልጎ ኋላ ይቆረጥ። ቀጭን እንጨት እጀታ ባለው መግፊያ ይገፋ። እጅ በከበሮው ላይ በፍጹም አይለፍ፤ የፊተኛው እጅ ተነሥቶ በመውጫው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። እንጨቱ ጅማቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይገፋ፤ ተቃርኖ ሲገባ ይሰነጠራል፤ ይዘላልም። በውፍረት ማስተካከያው ደግሞ እንጨት ሲገባ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ማየት ልማድ ሆኗል። የተሰበረ አንጓ ተፈንጥሮ የሚወጣው በዚያው ቀዳዳ ነው። ከጎን ቁሙ። እንጨት ቢጣበቅ አጥፉ፤ ከበሮው ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ዝቅ አድርጋችሁ አውጡ። ሞተሩ ሲጠፋ ድምፁ ቢሞትም ከበሮው ብዙ ጊዜ በዝምታ ይዞራል።

አሁን ስለ ለበሳችሁት። ጋቢና ነጠላ፣ የተንጠለጠለ ሻሽ፣ ሰፊ የእጅጌ ቀሚስ ወደ ማሽኑ አይቅረብ። ቀለበት ይውለቅ። ማዕተብ አውልቁ አልላችሁም፤ በሸሚዝ ውስጥ ግቡ፤ ሸሚዙም ይቆለፍ። ጓንቲ ግን ይከለከላል። ይህ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ጓንቲ የሚጠብቅ ይመስለዋልና። ምላጩ ባዶ ጣትን ሲነካ ይቆርጣል፤ ጓንቲን ሲነካ ግን ጨርቁን ይዞ እጁን ሙሉ ይስባል። ለዓይን መነጽር፣ ለአፍንጫ ጭምብል፣ ለጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋል። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 አስታውቋል፤ በተለይ የአፍንጫን ውስጥ ይጎዳል። ጆሮም ከ85 ዴሲቤል በላይ በየቀኑ ሲሰማ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ መላጊያ ሲሠራ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ዜማ ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ይህን ያልሁት የአብነት ተማሪዎች ትዝ ስላሉኝ ነው። ይህ አገር የዲማና የደብረ ወርቅ፣ የመርጡለ ማርያም አገር ነው፤ በየደብሩ ተማሪ አለ። ልጆቹ ታዛዦች ናቸው፤ «ና ይህን ያዝልኝ» ሲባሉ ይመጣሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 15 ዓመት ያልሞላው አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በአደገኛ ሥራ ላይ አይሰማራም። «ተማሪው አልተቀጠረም፤ ረዳን እንጂ» የሚል መልስ አይምጣብኝ። ምላጩ ውል አያነብም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጣውላ ለመቀበልም ቢሆን በሩን አይለፍ። ሰጋቱራ ለማገዶ የሚፈልግ ከሆነ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ውጭ ይሰጠው።

ስለ እንጨቱ ሁለት ነገር ልጨምር። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ሲታደስ የወጣውን ጣውላ «በረከት ነው» ብላችሁ እንድልግላችሁ የምታመጡልኝ አላችሁ። አሳባችሁን አከብራለሁ፤ እኔም ብሆን ማቃጠል አልሻም። ግን በውስጡ የተሰበረ ሚስማር አለ። አንዲት ሚስማር የምላጩን ስለት ትሸርፋለች፤ ስባሪዋም እንደ ጥይት ትወጣለች። በብረት ፈላጊ መሣሪያ ወይም በማግኔት በየስንዝሩ ያልተፈተሸ አሮጌ ጣውላ በእጅ መላጊያ ይላግ፤ ከዚህ ማሽን ግን ይራቅ። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የቤታችን ምሰሶ ሆኗል፤ ነገር ግን እርጥቡ ሲላግ ዛሬ ቀጥ ብሎ ነገ ይጠማል። በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ሞራሌ እየገባ ተደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይድረቅ። ይህን ያህል አንጠብቅም የምትሉ ከሆነ ማሽኑን ለአሁኑ አትግዙ። ማሽን ይራባልና፤ ሲርበው ዓይናችሁ በግቢያችሁ ወዳሉት ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ይሄዳል። እነዚያን አባቶች ያቆዩአቸው ለመላጊያ አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ጠረጴዛው ይዝጋል። ሰም መቀባት ዝገቱንም ይከላከላል፤ ጣውላውንም ያንሸራትታል። የተቀደሰ ጧፍ ቁራጭ አታምጡልኝ፤ የገበያ ሻማ ይበቃል። ቅባትና ጽዳት በየበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቻል፤ በማግስቱ ሥራ የለምና።

እጅ ቢቆረጥ ምን እንደሚደረግ በግድግዳው ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፍ። ማሽኑ ይጠፋል። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ በኃይል ይጨመቃል፤ እጁ ከልብ በላይ ከፍ ይላል። የተቆረጠው ጣት ከተገኘ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰር፤ ከረጢቱ በረዶ ባለበት ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ይቀመጥ፤ ጣቱ ራሱ ግን በረዶም ውኃም አይንካው። ቡና ወይም አፈር ቁስሉ ላይ አይነስነስ። የመኪናው ስልክ ቁጥር እዚያው ግድግዳ ላይ ይኑር። የእኔ ጣቶች በሰጋቱራው ውስጥ ጠፍተው በማግስቱ ተጠርገው ወጡ፤ ማንም አልፈለጋቸውም፤ መፈለግ እንዳለባቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

የመጨረሻው ጉዳይ የቁልፉ ነው። ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ አንድ ሰው ይሰይም፤ የማሽኑ ቤትና የብሬከሩ ቁልፍ በእርሱ እጅ ብቻ ይሁን። መዝገብም ይያዝ፤ ምላጭ የተቀየረበት፣ ብሎን የተፈተሸበት፣ ለጥቂት የተረፈ አደጋም ቢሆን የደረሰበት ቀን ይጻፍበት። የሙዳየ ምጽዋቱ ሒሳብ እንደሚመረመር ይህም መዝገብ በየሩብ ዓመቱ በጉባኤው ፊት ይከፈት። የሰየማችሁት ሰው ለአስተዳዳሪውም ቢሆን፣ ለሊቀ መንበሩም ቢሆን፣ «ዛሬ ማሽኑ አይነሣም» የማለት ሥልጣን ይኑረው።

ጥያቄያችሁን አሁን እቀበላለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት በማሽኑ ቤት ስንገናኝ ዘጠኙን ልኬት ከእናንተ መካከል ሦስት ሰዎች ይለካሉ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ነጠላችሁንና ጋቢያችሁን የምትሰቅሉበት ችንካር ከበሩ ውጭ አስመትቻለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።